የሦስት ሽማግሌዎች እንግሊዝኛ

ታኅሣሥ 3

ዝናብ። ቦንጋ ላይ ታኅሣሥም ሐምሌም ያው ነው። ጠዋት ሱቁን ስከፍት አይጥ የስኳሩ ጆንያ ላይ ቁጭ ብላ አየችኝ። አልሮጠችም። ደንበኛ መሰልኳት ይሆን? ኮረሪማው ከሺሺንዳ ዛሬም አልመጣም። ነጋዴው ስልክ አያነሳም...

ከሰዓት በኋላ ሔኖክ መጣ። ከሱቄ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ሞባይል የሚጠግነው ልጅ። አባቱ ከሞተ ወዲህ እኔን ነው እንደ አባት የሚያየው። ለወትሮው ዘው ብሎ ገብቶ ከረሜላ አንስቶ የሚሄድ ልጅ፣ ዛሬ በር ላይ ቆሞ እጁን አጣመረ። ወይ ታሟል ወይ ሊያገባ ነው አልኩ በልቤ።

«ጋሽ ኑሪ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ።»

ልጅቷ ዮሀና ናት። የመምህር ወልደ ጊዮርጊስ ልጅ። ሺሺንዳ ነርስ ሆና ትሠራለች፣ ቅዳሜና እሑድ ቤተሰቦቿ ጋ ትመጣለች። ጨዋ ልጅ ናት። «ምን ችግር አለው!» አልኩት። ችግሩን ከዚያ በኋላ ነገረኝ። መምህሩ ዕድሜ ልካቸውን እንግሊዝኛ አስተምረው ነው ጡረታ የወጡት። አምና ለሌላ ሰው የሄዱ ሽማግሌዎች በአማርኛ ቢጠይቋቸው ፊት ነስተው መለሷቸው ተብሎ ይወራል። «የእሳቸው ልብ የሚከፈተው በእንግሊዝኛ ነው። ያውም ከበድ ከበድ ባለው» አለኝ።

እኔ እንግሊዝኛ የማውቀው ካርቶን ላይ ያለውን ነው። ወደ ላይ ይሁን፣ ይሰበራል፣ ውኃ አያግኘው... ይሄው ነው።

እሺ አልኩት። ለምን እሺ አልኩ? ምላሴ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ታኅሣሥ 4

ሦስት ሆንን። እኔ፣ ጋሽ ፍቅሩ እና የሔኖክ አጎት አቶ ባፈና ከማንኪራ። አቶ ባፈና ባለ ንብ ናቸው፤ ዝምተኛ። በአገራቸው ቋንቋ በካፊኖኖ ሲያወሩ ግን የሚያቆማቸው የለም ይባላል። ነገሩን ስንነግራቸው ብዙ አሰቡና፣ «እኔ አማርኛም ገና አልጨረስኩም። እንግሊዝኛ ጨመራችሁብኝ?» አሉ።

ጋሽ ፍቅሩ ሹፌር ነበር። ደን የሚያጠኑ ፈረንጆች ሲያመላልስ ኖሯል። «እንግሊዝኛውን ለእኔ ተዉት» አለ። እስቲ ተናገር አልነው።

«ኖ ፕሮብሌም።»

ሌላስ?

«ቬሪ ኖ ፕሮብሌም።»

ጊዜ ደግሞ የለንም። የካቲት አጋማሽ ላይ ዐቢይ ጾም ይገባል። ከዚያ እስከ ፋሲካ የክርስቲያን ሠርግ የለም። ለፋሲካ ደግሞ የመምህሩ እህት ከጅማ አንድ ባለ መኪና ሰው ከነሽማግሌው ይዛ ልትመጣ ነው አሉ። እንግዲህ ጾሙ ሳይገባ ካላለቀ ሔኖክ ዮሀናን አጣት ማለት ነው። ሰውየው መኪና አለው፣ የእኛ ልጅ ያለው ካቻቢቴ ነው። አንጀቴን በላው።

ታኅሣሥ 7

ሔኖክ ስልኬ ላይ ቪዲዮ ጫነልኝ። አንድ ሰውዬ ነው። ከባድ ቃል ይናገራል፣ ትርጉሙን ይናገራል፣ ከዚያ አፉን በሰፊው ከፍቶ ይደጋግመዋል። አንተም ድገም ይላል።

ማግናኒመስ። ልበ ሰፊ ማለት ነው። ማግናኒመስ... ማግናኒመስ...

ለካ እትዬ ተሾመች በር ላይ ቆማ ትሰማኛለች። ሳሙና ልትገዛ ነበር የመጣችው። ሳሙናውንም ሳትይዝ ሄደች። ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ አሚናት ፊቷ ልክ አይደለም።

«ሱቅ ውስጥ ብቻህን ትለፈልፋለህ አሉ። ምን ሆነህ ነው?»

«ማግናኒመስ።»

«አላህ ይማርህ» አለችኝና ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

ታኅሣሥ 9

ኢንዲፋቲገብል። ድካም የማያውቅ ማለት ነው። በጣም ደከመኝ።

ታኅሣሥ 11

ከሱቁ ጓሮ ልምምድ አደረግን። ቃላቱን ተከፋፈልን። ጋሽ ፍቅሩ ረጃጅሙን ሁሉ ለራሱ ወሰደ፤ አንዱም ግን ከአፉ ሙሉውን አይወጣም። ግማሹን ይልና ቀሪውን በእጁ ይጨርሰዋል። ሰውዬው መሪ መጠምዘዝ ለምዷል፣ ቃሉንም በእጁ ሊያዞረው ይፈልጋል።

አቶ ባፈና አንድ ቃል ብቻ መረጡ። ኢንዲፋቲገብል። «ይሄ የንብ ነው» አሉ። ሌላ ቃል አይጨምሩም? «መጀመሪያ ይሄ ቤት ይግባ።»

ዩቢክዊተስ ግን ሦስታችንንም አስቸገረን። የትም የማይጠፋ ማለት ነው። አሚናት ልብስ እያሰጣች ሰምታ ኖሮ «ዩቢክዊተስ። እንደ ባጃጅ» አለችን፣ ጥርት አድርጋ። ሽማግሌ ወንድ መሆኑ በጀ እንጂ...

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

ምን ጉድ ነው ዛሬ የሠራነው!

ሽማግሌ ወግ አለው። ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፣ የቀረበለትን አይቀምስም። ቁሞ ነው የሚጠይቀው። ይሄን ሕፃንም ያውቀዋል። በመንገድ ላይ ራሴ ነኝ ለሁለቱም የደገምኩላቸው። «ቢለምኑንም እንዳንቀመጥ!» አልኩ። እኔ ራሴ።

መምህሩ በር ላይ ተቀበሉን። የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ኪሳቸው ላይ ቀይ እስክሪብቶ። እኔ ሰላምታ ሳልጀምር ጋሽ ፍቅሩ ቀደመኝና «ጉድ አፍተርኑን፣ ማግናኒመስ ቲቸር!» አለ።

የሰውየው ፊት... መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቤቱ እንደሚሆነው ሆነ። «ማግ-ናኒ-መስ» አሉ። «ናኒ ላይ ጠበቅ። ድገም!» ደገመ። «ሁላችሁም!» ደገምን።

«ቬሪ ጉድ። ሲት ዳውን!»

ሦስታችንም እኩል ቁጭ አልን። ማንም ማንንም አላየ። ወንበሩ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ምን እንዳደረግን የገባኝ። ያኔ መምህሩ ከጓዳ ጥቁር ሰሌዳ ይዘው እየወጡ ነበር። ተነሥተን እንውጣ? ጠመኔም አመጡ። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ቆሎ አቀረቡ። ጋሽ ፍቅሩ ዘገነ።

ስንወጣ ሊመሽ ነው። የያዝነው መልስ ሳይሆን የቤት ሥራ። «እሑድ በዚሁ ሰዓት» አሉን። ስለ ዮሀና ማን አነሳ? ማንም።

ጋሽ ፍቅሩ ግን ደስ ብሎታል። «ቀጠሮ ሰጡን እኮ! በመጀመሪያው ቀን ቀጠሮ ማግኘት ቀላል ነው?» ይላል።

ታኅሣሥ 14

ሔኖክ ገና ሱቁን ሳልከፍት በር ላይ። «ምን አሉ?»

ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ፈለግሁ።

«አነጋገራችሁ ይሻሻላል አሉ።»

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

ዛሬ መምህሩ አዲስ ዘዴ አመጡ። ቃሉን እየቆራረጥን በጭብጨባ ማለት። የሚጠብቀው ላይ ጠንከር ያለ ጭብጨባ። መቲክዩለስ። ጥንቁቅ ማለት ነው። መ... ቲክ! ጯ! መ... ቲክ! ጯ! አቶ ባፈና የእንጨት መዳፍ ነው ያላቸው፣ ጣሪያው ተናጋ።

ጭብጨባው እየሞቀ ሲሄድ ከአጥሩ ማዶ ጎረቤት «እልልልል!» አለች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ መንደሩ በሙሉ። ሽማግሌ ገብቶ ጭብጨባ ከተሰማ ሌላ ምን ይባላል? ተሰጠች ነዋ! መምህሩ «ዛሬ የማን በዓል ነው?» ብለው መስኮቱን ዘጉና ወደ መቲክዩለስ ተመለሱ።

እልልታው ከእኛ ቀድሞ ከተማ ገባ። ሱቅ ስደርስ ሔኖክ መንገደኛውን ሁሉ ለስላሳ እየጋበዘ ነው። አንድ ባጃጅ ነጂ ትከሻው ላይ ተሸክሞታል። ሲያየኝ ወርዶ «ጋሽ ኑሪዬ!» ብሎ እላዬ ላይ ተጠመጠመ። እውነቱን ስነግረው ለስላሳውን ከሰዎቹ እጅ ሊቀበል ምንም አልቀረው።

ልጁን አሳዘንኩት። ራሴም አፈርኩ።

ታኅሣሥ 29

ገና። እንኳን አደረሰዎ ልል መምህሩ ጋ ደወልኩ። «በእንግሊዝኛ» አሉኝ። ሄሎ... ሄሎ... አይሰማም... ብዬ ዘጋሁት።

ጥር 4፣ እሑድ

ፈተና! ሳይነግሩን! አንድ አንድ ወረቀት አደሉንና አራርቀው አስቀመጡን። በዚህ ዕድሜዬ ላብ አጠመቀኝ። ጋሽ ፍቅሩ ሎኩዌሸስ ማለት ምን ነበር ብሎ በዓይኑ ለመነኝ። ለፍላፊ፣ አልኩት ቀስ ብዬ። ተያዝኩ።

አቶ ባፈና አንደኛ ወጡ። ንቦቹ ጋ ሲሄዱ ዛፍ ላይ ሆነው ያጠናሉ አሉ። እኔ ሁለተኛ። ጋሽ ፍቅሩ ሦስተኛ ወጣሁ ብሎ ደስ አለው። ከሦስት ሰው።

ቅናት ያዘኝ። ማን ያምናል? ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ አንደኛ ባለመውጣቴ ራት አልበላ አለኝ።

ዋናው ጉድ ይሄ አይደለም። መምህሩ ወረቀቴን ሲመልሱልኝ በመነጽራቸው ሥር አዩኝና «ክፍል ውስጥ ታወራለህ። ወላጅ ይዘህ ና!» አሉኝ። አንተ ነው ያሉኝ። አቶ ኑሪ ቀርቷል።

የማን ወላጅ? አባቴ ከሞተ ስንት ዘመኑ! ግን አፌ «እሺ ቲቸር» አለ።

ጥር 6

አሚናትን ይዤ ሄድኩ። ምን ላድርግ? መጀመሪያ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ከዚያ ጥሩውን ሻርፕዋን ለበሰች። በመንገድ ላይ መከርኳት። «አንቺ ሴት ነሽ፣ የሠርጉን ነገር አለሳልሰሽ አንሺላቸው።» እሺ አለች።

መምህሩ አስቀመጧት። «ልጁ...» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ባለቤትዎ ጭንቅላት አለው። ወሬ ነው የሚያጠፋው።»

«ቤትም እንዲሁ ነው፣ መምህር። እኔን አያስወራኝም።»

ጉድ ፈላ። ስለ እኔ ስንቱን ነገረቻቸው! እንቅልፌን፣ ካልሲዬን፣ ሚዛን ላይ ሆኜ ከደንበኛ ጋር የምጀምረውን ወግ... መምህሩ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ። ስንወጣ «የሠርጉስ ነገር?» አልኳት።

«ውይ!»

ጥር 12

ጥምቀትም አለፈ። በሦስት ወገን ሠርግ ሲያልፍ ሔኖክ ከሱቄ በር ቆሞ ያያል። እኔም እሱን አያለሁ። ጠብ ያለሽ በዳቦ ሆኗል፣ ዛሬ ግን በምክንያት ነው።

«ጋሽ ኑሪ፣ ሽማግሌ ላክ ሲሉኝ ላክሁ። የላክኋቸው ተማሪ ሆነው ቀሩ! ሰው ምን እያለኝ እንደሆነ ያውቃሉ? ሠርግህ ስንተኛ ክፍል ደረሰ እያለኝ ነው!»

ሳቄ መጣ። እንዳልስቅ ኮረሪማ ማበጠር ጀመርኩ። ከዚያ ፊቱን ሳየው ሳቁ ጠፋ። ዓይኑ ውኃ ሞልቷል። «ያ ሰውዬ ለፋሲካ ይመጣል» አለኝ። «እሷ እምቢ ትላለች። አባቷ ግን ቃል የገቡለት ሰው ከሌለ በምን ይመልሱታል? ምክንያት የላቸውም።»

እውነቱን ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው። እሑድ አነሳዋለሁ! ዋላሂ አነሳዋለሁ።

ጥር 14

እትዬ ዘነበች ሱቅ መጡ። ዱቄት አሉ፣ ዘይት አሉ፣ ከዚያ ዙሪያቸውን አይተው ጠጋ አሉኝ።

«አቶ ኑሪ፣ የልጄን ደስታ እወዳለሁ። ግን ትንሽ ቢዘገይስ?»

«ምነው እትዬ?»

«ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚያርመው እኔን ብቻ ነበር። ቴሌቪዥን ባልኩ ቁጥር ድገሚ ይለኛል። ስተኛ ሳይቀር! እናንተ ከመጣችሁ ወዲህ አረፍኩ። ሳምንቱን ሙሉ ለእናንተ ሲዘጋጅ ይውላል። ወፈርኩ እኮ፣ ይመልከቱኝ!»

እውነትም ወፍረዋል። ዘይቱን ለካሁላቸው።

ጥር 18፣ እሑድ

እንደገባሁ አነሳሁት። ቁጭ ሳልል ማለት ነበረብኝ... ቁጭ ብዬ ነው ያነሳሁት። «መምህር፣ የመጣንበት ጉዳይ...»

«አዎ፣ የዛሬው ቃል» አሉ። ወደ ሰሌዳው ዞሩ። ፕሮክራስቲኔት። «ማድረግ ያለብንን ነገር ዛሬ ነገ እያልን ማሳደር። ምሳሌ ስጡ።»

ምሳሌው ከፊታችን ቆሞ ጠመኔ ይዟል፣ ማን ደፍሮ ይጠቁም?

አቶ ባፈና ብቻ እጃቸውን አወጡ። «እኛ» አሉ።

መምህሩ ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ከዚያ «ትክክል» ብለው ወደሚቀጥለው ቃል አለፉ። አውቀውታል። አውቀው ነው! አውቀውማ ነው...

ጥር 24

ዮሀና ከሺሺንዳ እንደወረደች በቀጥታ ሱቅ መጣች። ቦርሳዋ ገና ትከሻዋ ላይ ነው።

«ጋሽ ኑሪ፣ አባዬ ሔኖክን ጠልቶት ይመስልዎታል?»

«አይ ልጄ...»

«ይወደዋል። ስልኩን የሚያሠራው እሱ ጋ ነው። እሺ ካለ እናንተ ስለምትቀሩበት ነው እኮ! ሽማግሌ እሺ ከተባለ በኋላ ምን ሊሠራ ይመጣል? እሑድ ጠዋት ተነሥቶ ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል። አባዬ! እናቴን ከሌሊት ይቀሰቅሳል፣ ወንበሩን አስተካክዪ ብሎ።»

ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። እያለቀሰች ሳቀች። «እናንተን ስለወደደ እኔ ቆሜ ልቅር?»

መሐረብ ሰጠኋት። ከሄደች በኋላ ሱቁን ገርበብ አድርጌ ተቀመጥኩ። አንድ ነገር ራሴን ጠየቅሁ። እኔስ? እኔ እንዲያልቅ እፈልጋለሁ? እሑድ ሲደርስ ልቤ የሚዘለው ለሔኖክ ብሎ ነው? አይደለም። ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁሜ ሚዛን ከያዝኩ ወዲህ «ቬሪ ጉድ» ያለኝ ሰው አልነበረም። ደስ ይለኛል፣ ምን ልዋሽ፣ ማንም አያነበውም።

ግን ልጆቹ... በቃ። ነገ።

ጥር 25፣ እሑድ

ተማምለን ሄድን። አንቀመጥም!

«ሲት ዳውን!» አሉ መምህሩ።

ጉልበቴ ራሱ ሊታጠፍ ሲል አቶ ባፈና ኮቴን ከኋላ ጨምድደው ያዙኝ። ጋሽ ፍቅሩ ወንበሩን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ቆምን።

«ሲት ዳውን እኮ ነው የምላችሁ!»

ቆምን። እትዬ ዘነበች ቆሎውን ይዘው ከጓዳ ወጡ፣ አዩን፣ ቆሎውን ይዘው ተመለሱ።

በእንግሊዝኛ ያጠናሁት ነበረኝ። ሳምንት ሙሉ ያጠናሁት! አንድም ቃል አልመጣልኝ። በአማርኛ ወጣ። «መምህር፣ የመጣነው ልጅዎን ዮሀናን ለልጃችን ለሔኖክ እንዲሰጡልን ልንለምን ነው። መጀመሪያ ቀን ማለት የነበረብንን ዛሬ አልን። ጥፋቱ የእኛ ነው። ይቅር ይበሉንና ይስጡን።»

መምህሩ ራሳቸው ተቀመጡ። ጠመኔውን በጣታቸው አሽከረከሩት። ከዚያ፣

«በእንግሊዝኛ ካልጠየቃችሁት እምቢ ይላል ያላችሁ ማነው?»

«አምና በአማርኛ የመጡትን መለሱ ብለው...»

«አምናዎቹን የመለስኳቸው ልጄ ስላልፈለገች ነው!» አሉ። «በአማርኛ ብትጠይቁኝ በመጀመሪያው ቀን እሺ እላችሁ ነበር።»

አላህ! ጋሽ ፍቅሩ ወንበር ፈለገ፣ አቶ ባፈና እሱንም ጎተቱት።

«እንዳትነግሩኝ ብዬ ነው ቶሎ ቶሎ ያስቀመጥኳችሁ» አሉ መምህሩ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ዱሮ ልጆች መንገድ ላይ አስቁመው ይሄ ቃል ምን ማለት ነው ይሉኝ ነበር። አሁን ስልካቸውን ነው የሚጠይቁት። እናንተ ጢማችሁን ይዛችሁ መጥታችሁ ድገሙ ስላችሁ ደገማችሁልኝ። እንዴት ልመልሳችሁ?»

እንመጣለን እኮ ልላቸው አፌን ስከፍት ጋሽ ፍቅሩ «የሽማግሌ ሥራው ሲያልቅ መሰናበት ነው። ሠርገኛ ቤት ማዘውተር ነውር ነው» አለ። ምን አገባው! በወጉ መሠረት ልክ ነው፣ ግን ምን አገባው!

ከመጋረጃው ኋላ «ኧረ በል አንተ ሰውዬ!» የሚል ድምፅ መጣ። እትዬ ዘነበች ናቸው።

«ሰጥቻለሁ» አሉ መምህሩ።

እልልታ! ጎረቤቶቹ በዚህኛው አልቸኮሉም፣ ጠይቀው ነው እልል ያሉት። ሔኖክ ዜናውን ሲሰማ ለስላሳ አልጋበዘም። ልጁ ብልህ ሆኗል፣ መጀመሪያ ደውሎ ከዮሀና አጣራ።

ደስ ብሎኛል። ስንወጣ መምህሩ ሰሌዳውን ሲያጠፉ አየሁ። እሱን ባላየሁ ጥሩ ነበር።

የካቲት 3

ድንኳን፣ ድስት፣ ወንበር፣ ድምፅ ማጉያ። ጾሙ ሳይቀድመን ከተማው በሙሉ ይሮጣል። አይጧ የሠርጉን ስኳር ጀምራለች።

የካቲት 16፣ እሑድ

ተጋቡ! በቅበላው ዕለት፣ በመጨረሻዋ ቀን! ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ ታርዶ ለብቻ ተሠርቶ ነበር፣ አሚናት ራሷ ናት ያስተናበረችው። ሔኖክ ሱፉ ትከሻው ላይ ሰፍቶት እየተንሳፈፈ ሲጨፍር ዋለ። ዮሀና በጣም አማረባት። አለቀስኩ፣ ጭስ ነው አልኩ።

መምህሩ ከሩቅ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉኝ። «አቶ ኑሪ፣ እርስዎን እናመሰግናለን» አሉኝ። እርስዎ ሆንኩ እንደገና። ምን አስከፋኝ? ክብር ነው እኮ...

የካቲት 23፣ እሑድ

ረመዳን ገብቷል። ከዙሁር ሶላት በኋላ ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። የመምህሩ አጥር ጋ ስደርስ ነው ወዴት እየሄድኩ እንደሆነ የገባኝ። ጋሽ ፍቅሩም ከማዶ እየመጣ ነው።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ሽርሽር። አንተስ?»

«ሽርሽር።»

ተመለስን። እምቢ ያለን ሰው የለም፣ ለምን አልገባንም? ሳይጠሩ መግባት... እሳቸውም ሳይጠየቁ መጥራት... ሁላችንም ኩራት ብቻ።

የካቲት 29

ሔኖክ ከስቷል። ሙሽራ እንዲህ ይከሳል? ዛሬ ምክንያቱን አየሁ። መምህሩ በየቀኑ ወደ ሞባይል ቤቱ ይመጣሉ። ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ደንበኛ ገብቶ «ቻርጀሬ...» ሲል «እንደገና በል» ይሉታል። ሰውየው ሦስቴ ብሎ ሳያሠራ ይሄዳል። ሔኖክ ከመደርደሪያው ሥር አጎንብሶ ጸጉሩን ይነጫል። አማት ነው፣ ምን ይበል!

መጋቢት 4

ዛሬ ጠዋት ሱቄ ሽማግሌ ገባ። ለእኔ!

ሦስት ናቸው። እትዬ ዘነበች፣ ጎረቤታቸው አቶ ነቢዩ፣ እና ሔኖክ። ሔኖክ! እጁን አጣምሮ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ተቀመጡ ስላቸው እምቢ አሉ። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።

«ከመምህር ወልደ ጊዮርጊስ ተልከን ነው» አሉ አቶ ነቢዩ። «ተማሪዎቻቸውን እንዲመልሱላቸው ይለምናሉ።»

«በአላህ ይሁንብዎት ጋሽ ኑሪ» አለ ሔኖክ። «ሥራዬ ሊዘጋ ነው። ማታ ደግሞ ዮሀናንና እኔን ያስጠኑናል። ሙሽሮች እኮ ነን!»

«እኔም ከስቻለሁ» አሉ እትዬ ዘነበች።

አሚናት ከኋላዬ በጆሮዬ «ቀጠሮ ስጣቸው፣ ትንሽ ይመላለሱ» አለችኝ። እኔም አስቤው ነበር። ጢሜን ዳሰስኩ፣ ኮስተር አልኩ፣ «እንግዲህ ቤተሰብ ነው፣ ተማክረን...» ብዬ ጀመርኩ። በበሩ በኩል ሳይ መምህሩ ማዶ ካለው ሱቅ ፊት ቆመዋል። የፕላስቲክ ባልዲ ያገላብጣሉ። አንዱን ያነሳሉ፣ ወደ እኛ ያያሉ፣ ያስቀምጣሉ፣ ሌላ ያነሳሉ። ሸሚዛቸው ተተኩሷል። ሐሙስ ነው እኮ ዛሬ።

ቀጠሮ መስጠት አቃተኝ። «መምህር!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ይግቡ እንጂ!»

መንገዱን ተሻገሩ። ገቡ። ምን እንደሚሉ ጨንቋቸው መደርደሪያውን አዩ፣ ሚዛኑን አዩ፣ ከዚያ ጆንያውን እያሳዩኝ «ሩብ ኪሎ ኮረሪማ» አሉ።

መዘንኩላቸው። ጠቅልዬ ስሰጣቸው «መምህር፣ ለመሆኑ ይሄ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉት። ዕድሜ ልኩን ሲያስተምር የኖረ ሰው! ከዚያ ሳቁ። ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም።

«አላውቀውም» አሉ። «ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። እሑድ ይዘኸው ናና አብረን እንፈልገዋለን።»

ይዘኸው ና አሉኝ። እንደገና አንተ ሆንኩ።

ጋሽ ፍቅሩ ጋ ደወልኩ፤ ሳልጨርስ «ኖ ፕሮብሌም» አለ። አቶ ባፈና ዛፍ ላይ ናቸው፣ ሲወርዱ ይደውላሉ። አሚናት ኮቴን አውጥታ እያራገፈች ነው። እሷም ልትመጣ ነው፣ ወላጅ ሆና ሳይሆን።